«ለዐሥር ዓመት ልጆች ይህን ሁሉ ልልበስ?»

የአንባቢ ደብዳቤ

እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ። ዓምድዎን የምታነበው ባለቤቴ ናት፤ እኔ እራት ላይ ከእሷ ነው የምሰማው። ይህን ግን እሷ ከተኛች በኋላ ራሴ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት።

የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አርባ አራት ዓመቴ ነው። በሥራ ቀን የሕንፃ ጥገና እሠራለሁ፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ይኸው ሁለት ዓመት ሆነኝ፣ የሴት ልጆች ሶፍትቦል እዳኛለሁ። ነገሩ የመጣው በልጄ ነው። ስምንት ዓመቷ ሳለ ለልምምድ አደርሳትና መኪና ውስጥ እጠብቃት ነበር። መቀመጡ ሲሰለቸኝ አጥር ሥር ቆሜ ማየት ጀመርኩ፤ እያየሁ ወደድኩት። ዳኛ አጠረን ሲሉ ኮርሱን ወስጄ ገባሁበት። የልጄን ጨዋታ አልዳኝም። የሚመድቡኝ ዐሥር ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑት ጋ ነው፤ አልፎ አልፎም ዐሥራ ሁለት ዓመቶቹ ጋ።

ጨዋታውን ለማያውቅ ባጭሩ ላስረዳ። ኳስ የምትወረውረዋ ፒቸር ትባላለች። መቺዋ ዱላዋን ይዛ ሆም ፕሌት ከሚሉት ነጭ ጎማ አጠገብ ትቆማለች። ከኋላዋ ካቸሯ ቁጢጥ ትላለች፤ ከካቸሯ ኋላ ጎንበስ ብሎ የሚቆመው ዳኛው ነው። የመጣችው ኳስ ስትራይክ (መቺዋ ልትመታት በምትችልበት ልክ ያለፈች) ትሁን ቦል (ከልኩ የወጣች) የምፈርደው ከዚያ ሆኜ ነው። ካቸሯ ያመለጣትም፣ ዱላው ነክቶ ወደ ኋላ የሰደደውም ኳስ የሚያገኘው እኔን ነው።

ከመከላከያ ያለኝ አንድ የፊት ማስክ ብቻ ነው፤ እሱንም ሥራውን የተወ አንድ ዳኛ ነው የሰጠኝ። ማሰሪያው ላልቷል። ለደረቴም ሆነ ለቅልጥሜ ምንም የለኝም። እውነቱን ልንገርዎት፣ ገንዘቡ ብቻ አይደለም፤ አፍራለሁ። እኔ ጉለሌ ውስጥ ጠጠር ሜዳ ላይ ያለ ጓንት በረኛ ሆኜ ያደግሁ ሰው ነኝ። ፀጉሩ የሸበተ ሰው ዐሥር ዓመት ለሞላቸው ሕፃናት ብሎ ደረቱን፣ ቅልጥሙን፣ ጉሮሮውን ሸፍኖ ቢቆም ምን ይባላል? አብሮኝ የሚዳኝ አንድ ሰው መኪና ማቆሚያው ላይ «እነዚህ ሕፃናት ናቸው፣ ጦር ሜዳ አይደለም የምንሄደው» ብሎ ስቆብኛል። ወላጆቹም አጥር ሥር ሆነው ያዩኛል። «ስትራይክ» ስል እንኳ ቅላጼዬን ሰምተው ዞር የሚሉ አሉ። በዚያ ላይ ፈሪ መምሰል አልፈልግም።

ከሦስት ሳምንት በፊት በዐሥር ዓመቶቹ ጨዋታ ላይ ኳሷ የዱላውን ጫፍ ነካ አድርጋ በካቸሯ ትከሻ ላይ አለፈችና ከአንገቴ ሥር፣ ከትከሻዬ በመለስ መታችኝ። መጀመሪያ ድምፁን ነው የሰማሁት፤ ሕመሙ ኋላ መጣ። ጨዋታውን ጨረስኩ። ቤት ስገባ ምንም አልተናገርኩም። ባለቤቴ ያወቀችው ከላይኛው መደርደሪያ የበርበሬውን ጣሳ አውርድልኝ ብላኝ ክንዴ አልነሳ ሲለኝ ነው። መጀመሪያ «ለምን ደበቅኸኝ?» አለች። ቀጥላ «በቃ፣ ተወው» አለች። እስካሁንም ክንዴን ወደ ላይ ሳነሳ ይወጋኛል።

ከሁሉ የባሰብኝ ግን የልጄ ነገር ነው። አሁን ዐሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ የምትጫወተው ካቸር ሆና ነው። ባለፈው እሁድ ቅልጥሟ ላይ መከላከያዋን እያሰረች ቀና ብላ «አባዬ፣ እኔ ይህን ሁሉ ካላደረግሁ ሜዳ አያስገቡኝም። አንተ ከካቸሯ ኋላ አይደል እንዴ የምትቆመው?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

እትዬ፣ ልተወው? ወይስ ልልበስ? ልበስ ካሉኝስ እንዴት አድርጌ ነው ሳልሸማቀቅ የምቆመው?

በረኛው፣ ከሜሪላንድ

መልስ

ወንድሜ በረኛው፣

ከሌላው ነገር ሁሉ በፊት ስለ ትከሻህ። ሦስት ሳምንት ሆኖት ክንድህን ስታነሳ የሚወጋህ ከሆነ፣ የበለዘው ቆዳ ቢጠራም ውስጡ ገና ነው ማለት ነው። ከአንገት ሥር ወደ ትከሻ የሚሄደው አጥንት ቀጭን ነው፤ ተሰንጥቆም ሰው ሥራ ሲሠራ ይውላል። በዚህ ሳምንት ሐኪም ጋ ሂድና ራጅ አስነሳ። ምን እንደመታህ፣ ከየት እንደመጣ፣ መቼ እንደሆነ ሳታሳንስ ንገራቸው። «ትንሽ ነካ አድርጎኝ» እንዳትል፤ ሐኪሙ የሚፈልገው የሚሰጋበትን ነገር ነው፣ ጀግንነትህን አይለካም። ሳትታይ ደግሞ ከፕሌት ኋላ አትቁም።

አሁን ወደ ደብዳቤህ። ሁለቴ አነበብኩት። ስለ ሕመሙ አንድ ሁለት መስመር ጻፍክ፤ ስለሚያዩህ ሰዎች ዓይን ግን አንድ ሙሉ አንቀጽ። እስቲ ራስህን ቀስ ብለህ ጠይቀው፦ የሚከብድህ ደረት ላይ የሚታሰረው ዕቃ ነው ወይስ መታየቱ? ሰው አገር ቅላጼው እየተሰማበት፣ በየቅጽበቱ እየፈረደ፣ ግማሹ ወላጅ በየፍርዱ እየተከፋበት የሚቆም ሰው ከማስኩ በፊትም ብዙ ተሸክሟል። ይገባኛል። «ፈሪ ነው» የሚል አንድ ስም እንዲጨመርብህ አለመፈለግህን እንደ ድክመት አላየውም።

ስለ አባቴ ልንገርህ፤ ነገሩ ካንተ ጋር ይገናኛል። አባቴ በያጅ ነበር፣ መርካቶ ምናለሽ ተራ አካባቢ። ጎበዝ ነበር ይሉታል። የብየዳ ማስክ አያደርግም። «እጄ ያውቀዋል» ይላል። ማታ ማታ ዓይኑ አሸዋ የተሞላ ይመስል ይቀላና እንባው ይወርዳል፤ እናቴ ድንች በስሱ ቆርጣ ዓይኑ ላይ ትደረድርለታለች፤ እኛ ልጆቹ መብራት እንዳንከፍት ታዘናለች። ያንን የድንች ቁራጭ፣ ጠርዙ እየጠቆረ በጉንጩ ላይ ሲንሸራተት፣ ዛሬም አየዋለሁ። አንድ ጊዜ ሠርቶ ያስረከበው የመስኮት ፍሬም ጠማማ ነው ተብሎ ተመለሰበት። ሲመልሱት አልተከራከረም። በማግስቱ ማስክ ገዛ፤ ከወራት በኋላም ለእናቴ «ለካ ሃያ ዓመት ሙሉ ጨፍኜ ነው የበየድኩት» ሲል ሰማሁት። ብልጭታው ሲመጣ ዓይኑ ሳያዝዘው ይከደን ነበር። ያቺ ቅጽበት ደግሞ ብረቱ የሚገጠምባት ቅጽበት ናት።

ያንተም ሥራ እንዲሁ ያለች ቅጽበት አለችው። ኳሷ ፕሌቱ ላይ ስታልፍ፣ ዱላውም ሲሰነዘር፣ ስትራይክ ይሁን ቦል የሚታየው እዚያ ላይ ነው። ደረቱ የተራቆተ ሰው ሰውነቱ አይታዘዘውም፤ ትከሻው ዞር ይላል፣ ዓይኑ ይከደናል። ከዚያ ወዲያ የሚፈርደው ካየው አይሆንም፤ ከካቸሯ ጓንት ድምፅ፣ ከመቺዋ ፊት፣ ከግምት ነው። ከተመታህ ወዲህ ባሉት ጨዋታዎች እንዴት ነህ? ኳሷ ከፍ ብላ ስትመጣ ጭንቅላትህ ወደ ኋላ አይሸሽም? የሚሸሽ ከሆነ ተፈጥሮህ ነው፤ አትቆጣው። ግን ያቺ የዐሥር ዓመት ልጅ ሦስተኛ ስትራይክ ተብላ እያለቀሰች ስትወጣ፣ የፈረደባት ሰው ኳሷን እያየ መሆን አለበት። የምትለብሰው አጥንትህን ለማዳን ነው፣ አዎን። እኔ ግን ይበልጥ የምለምንህ ስለ ዓይንህ ነው።

ባልደረባህ «ሕፃናት ናቸው» ማለቱን ስሰማ አዘንኩ፤ ነገሩን ገልብጦታልና። አደጋው የፒቸሯ ጉልበት ብቻ አይደለም፣ ካቸሯም ናት። የኮሌጅ ካቸር ፊት ለፊትህ ስትቀመጥ ሕያው ግድግዳ ናት፤ የመጣውን ትይዛለች፣ ያልያዘችውን በደረቷ ታቆማለች። የዐሥር ዓመቷ ካቸር ግን ገና እየተማረች ነው። ጓንቷ ይረፍድባታል፣ ኳስ ስትፈራ ወደ ጎን ትሸሻለች፣ መሬት የነካችው ኳስ በእግሮቿ መካከል ታልፋለች። ያለፈችው ሁሉ ቅልጥምህ፣ ጉልበትህ፣ ደረትህ ላይ ነው የምታርፈው። ትንንሾቹ ጋ የሚዳኝ ሰው ከትልልቆቹ ዳኛ ይልቅ ደጋግሞ ቢመታ አይገርምም። አንተም የተመታኸው እዚያው ነው።

ስሌቱንም እንየው፤ በረኛ ነህና ይገባሃል። በዐሥር ዓመት ክልል ፒቸሯ የምትወረውረው ከ35 ጫማ፣ ማለትም ከ10 ሜትር ተኩል ትንሽ ከፍ ካለ ርቀት ነው፤ በዐሥራ ሁለት ከ40 ጫማ፣ ከዚያ በላይ ከ43 ጫማ። ከዱላው እስከ ደረትህ ያለው ግን ሁለት ሜትር ቢሆን ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ብቻ የምትበር ኳስ ሁለት ሜትሩን የምትጨርሰው በሰከንድ አንድ ስምንተኛ ነው። ዓይን አይቶ ሰውነት እስኪታዘዝ ደግሞ የሰከንድ አንድ አምስተኛ ያህል ይፈጃል። ዱላ ነክታ አቅጣጫዋን የቀየረች ኳስ እንግዲህ ያመልጧት ዘንድ ጊዜ አትሰጥም፤ ፔናልቲ ያዳነ እጅ እንኳ አይደርስባትም። እንዲያውም በረኛነትህ እዚህ ላይ ይፈትንሃል። በረኛ ወደ ኳስ ይወረወራል፤ ሰውነትህ ያንን ነው የተማረው። የፕሌት ዳኛ ግን ኳስ ወደ እሱ ስትመጣ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። የሚወረወር ዳኛ ጎኑን፣ ብብቱን፣ ማጅራቱን ያጋልጣል፤ መከላከያው ደግሞ የሚሸፍነው ከፊት ብቻ ነው።

ስሙም ያታልላል። «ሶፍት» ለስላሳ ማለት ነው፤ ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ1887 ቺካጎ ውስጥ፣ አዳራሽ ውስጥ ሲጀመር ኳሱ ጠቅልለው ያሰሩት የቦክስ ጓንት ነበር። የዛሬዋ ኳስ ግን ሌላ ናት። ዐሥራ ሁለት ዓመቶቹ የሚጫወቱባት ኳስ ዙሪያዋ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን ክብደቷ ወደ 200 ግራም ይጠጋል፤ የቤዝቦል ኳስ 145 ግራም አካባቢ ነው። ትከሻህ ይህን ከእኔ በላይ ያውቀዋል።

ስለ እፍረቱ ደግሞ አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1907 የኒው ዮርክ ጃያንትስ የቤዝቦል ቡድን ካቸር ሮጀር ብሬስናሃን ቅልጥሙ ላይ መከላከያ አስሮ ሜዳ ሲወጣ ተመልካቹ ሳቀበት፣ ጮኸበት። ሰውየው አላወለቀውም። ዛሬ ያለ እሱ ቁጢጥ የሚል ካቸር የለም፤ ልጅህም እሁድ ዕለት ስታስር ያየሃት ያንኑ ነው። በማስክ ሥር የሚንጠለጠለው የጉሮሮ መከላከያም ቢሆን የሰው ደም ያመጣው ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 የሌላው የቤዝቦል ቡድን፣ የሎስ አንጀለስ ዶጀርስ፣ ካቸር ስቲቭ ዬገር የመምታት ተራውን ቆሞ ሲጠብቅ የባልደረባው ዱላ ተሰበረና ስንጥሩ ጉሮሮው ላይ ተሰካ። ተረፈ። ሲመለስ የቡድኑ የሕክምና ባለሙያ ቢል ቡለር ከማስኩ የምትንጠለጠል ያቺን ቁራጭ ሠራለት። በማስክህ ላይ አለች? ከሌለች መጀመሪያ የምትገዛት እሷን ነው፤ ከዕቃው ሁሉ ርካሿም እሷ ናት።

አሁን አንድ ነገር ልንገርህ፤ ደስ ሊልህ ይችላል፣ ግን በእሱ ብቻ እንድትጽናና አልፈልግም። የዳኛ የደረት መከላከያ የሚለበሰው ከሸሚዝ ሥር ነው። የቅልጥሙም ከሱሪ ሥር ነው፤ ለዚህ ሲባል ሰፋ ብሎ የተሰፋ የፕሌት ሱሪ አለ። ማንም አያይብህም። «እንግዲያው ማንም አያውቅም» ብዬ እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር። ነገር ግን አንተ ሕመምህን ከባለቤትህ ደብቀሃል፤ አሁን ደግሞ መከላከያህን ከባልደረባህ እንድትደብቅ አልመክርህም። መኪና ማቆሚያው ላይ፣ ሁሉም እያየህ፣ የመኪናህን ኋላ ከፍተህ ተቀምጠህ ልበሰው። ያ ሰው ሊስቅ ይችላል። «ባለፈው ተመትቼ ክንዴ አልነሳ ብሎኛል» በለው፣ ሌላ ማብራሪያ አትጨምር። የወላጆቹ ነገር ደግሞ የምታስበውን ያህል አይመስለኝም። በአሜሪካ ሜዳ ሙሉ ትጥቅ ያደረገ ዳኛ ሲያዩ የሚያስቡት «ይህ ሰው ሥራውን ያውቃል» ነው። ያላደረገውን ነው የሚጠረጥሩት። ለቅላጼህ የሚዞሩትን ልመልስልህ አልችልም። አንተ ግን ስትራይኩን ጮክ ብለህ፣ ሳትቸኩል፣ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ድምፅ ጥራው፤ ከሁለት ሦስት ኢኒንግ (የጨዋታ ዙር) በኋላ ጆሯቸው ይለምደዋል።

ባለቤትህ። መጀመሪያ የተናገረችውን አንተው ጽፈህልኛል፦ «ለምን ደበቅኸኝ?» «ተወው» የመጣው ቀጥሎ ነው። የምትፈራው ሶፍትቦሉን ብቻ ነው ብለህ ታምናለህ? እኔስ ሌላ ቀን የባሰ ነገር ደርሶብህ ከሰው አፍ ልስማው ይሆን እያለች የምትሰጋ ይመስለኛል። ስለዚህ ዕቃ ገዝተህ ከመግባትህ በፊት ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። ይቅርታ ጠይቃት፤ ለመመታትህ አይደለም፣ ለመደበቅህ ነው። ራጁም ላይ አብራህ ትሂድ። ከዚያ ይህን ሥራ ለምን እንደወደድከው ንገራት። አጥር ሥር ቆመህ እያየህ መውደድህን ለእሷ ነግረሃት ታውቃለህ? ለእኔ ስትጽፈው ያምር ነበር። ከሰማችህ በኋላም «ተወው» ካለች ቃሏን አክብረህ መዝነው፤ ብቻ ሙሉውን ሰምታ ትናገረው።

መተው አንድ መንገድ ነው፣ አላወግዘውም። ነገር ግን በመካከል ሌላ መንገድ አለ። ሁለት ዳኛ በሚመደብበት ጨዋታ አንዱ ፕሌት ላይ፣ አንዱ ቤዝ ላይ፣ ማለትም መትተው የሚሮጡት ልጆች በሚረግጧቸው ማዕዘኖች በኩል፣ ይቆማል። ጨዋታ ለሚመድብልህ ሰው ዛሬውኑ ደውልና «ትከሻዬ እስኪድንና ዕቃዬ እስኪሟላ ቤዝ ላይ ብቻ መድበኝ» በለው። ምክንያቱን ሳታድበሰብስ ንገረው። ዳኛ ባጠረበት ጊዜ ቤዝ ላይ የሚቆም ሰው መግፋት አይፈልግም። በዚያው አፍህ ሁለት ነገር ጠይቀው፦ የምታዋሱት ትጥቅ አለ? ስመዘገብ የከፈልኩት ገንዘብ የጉዳት ኢንሹራንስ አለው? የሐኪም ሒሳቡን የሚረዳህ ነገር ይኖር ይሆናል።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ሙሉው ዕቃ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ያስወጣል። በአንዴ መግዛት ካልቻልክ በቤዝ የምታገኘውን እያጠራቀምክ ግዛ፤ ሳይሟላ ግን ወደ ፕሌት አትመለስ። የቅልጥም መከላከያ ያገለገለ ቢሆን ግድ የለም፣ ማያያዣው እስከያዘ ድረስ። ማስኩን ግን ተጠንቀቅበት። ያሁኑን ማስክህን አንስተህ ሽቦውን በጣትህ ዳስሰው፤ የጎበጠ ወይም የተሰነጠቀ ካለው ወይም ስፖንጁ ደርቆ እንደ እንጨት ከሆነ ዕድሜው አልፏል። ማሰሪያው ሲላላ ማስኩ ይንሸራተትና ዓይንህን ይጋርዳል። ከልክ በላይ ሲጠብቅ ደግሞ ምቱን በሙሉ ለጭንቅላትህ ያስረክባል። ራስህን ስትነቀንቅ የማይነቃነቅ፣ በአንድ እጅ ስትስበው ግን የሚወጣ ይሁን። ያ አንድ እጅ ግራህ ነው፤ የስትራይክና የቦል ቆጣሪህን የምትይዘው በግራ ነውና ቀኝህ ለፍርድ ምልክት ነፃ ይሆናል። ይህን መስታወት ፊት ሃያ ጊዜ ልምድ አድርገው። ደረሰኞቹንም አታስቀር፤ የዳኝነቱን ክፍያ እንደ ራስህ ሥራ ገቢ የምታስመዘግብ ከሆነ የዕቃው ወጪ ከታክስ ሊቀነስልህ ይችላል፤ ታክስህን የሚሠራልህን ሰው ጠይቀው።

የደረቱን መከላከያ ስትገዛ ሱቁ ውስጥ ቆመህ ብቻ አትለካው። ፕሌት ላይ እንደምትቆመው ጎንበስ በልና መስታወት እይ። በጉሮሮ መከላከያውና በደረቱ የላይኛ ጠርዝ መካከል ቆዳህ ከታየ ዝቅ ብሏል ማለት ነው፤ ማሰሪያውን አሳጥረህ ከፍ አድርገው። ብዙ ሰው ዝቅ አድርጎ ነው የሚለብሰው። ኳሷ አንተን ያገኘችህም ልክ እዚያው ጠርዝ ላይ ነው። ሸሚዝህ አንድ ቁጥር ይጨምር፣ ካልሆነ ትከሻህን ይይዝሃል። ጫማህ የጣት መከላከያ ያለው ይሁን፤ ካቸሯ ያመለጣት ኳስ እግር ጣትን ትወዳለች። ለወንድ ልጅ የሚያስፈልገውን የውስጥ መከላከያም፣ ብታፍር ባታፍር፣ እንዳትረሳው።

ኳስ ማስክህን መትታ ራስህን ከከበደህ፣ ብርሃን ካስጠላህ፣ ካቅለሸለሸህ ወይም ነጥቡ ስንት እንደነበር ከጠፋህ፣ ጨዋታውን አትጨርስ። ለባልደረባህ አስረክበህ ውጣ፣ መኪናም አትንዳ፣ ሐኪም ጋ የሚወስድህ ሰው ጥራ። ባለፈው ጊዜ ጨርሰህ ወጣህ፤ ለወጉ ያምራል፣ ለጭንቅላት ምት ግን አይሠራም።

ሙቀቱንም አስበው። የሜሪላንድ ሐምሌና ነሐሴ በደረት መከላከያ ሥር ሌላ ነገር ነው። ላብ የሚያደርቅ ስስ ካናቴራ ከሥር ልበስ፤ ጥም እስኪይዝህ አትጠብቅ፣ በየኢኒንጉ ጠጣ። ጾመኛ ከሆንክ፣ የፍልሰታ ጾም የሚውለው በዚያው በነሐሴ ነው፤ ውኃ ሳትቀምስ በምትውልበት ሰዓት ፕሌት ላይ እንዳትመደብ አስቀድመህ ተናገር። ሰዓትህን ማስተካከል የሚቻለው መድበው ሳይጨርሱ ነው።

ሲሟላልህ በቀጥታ ጨዋታ ላይ አትውጣበት። ከልጅህ አሠልጣኝ ጋር ተነጋገርና ፒቸሮቹ ሲለማመዱ ከካቸሯ ኋላ እንድትቆም ይፍቀዱልህ። ምንም አትፍረድ። በካቸሯና በመቺዋ መካከል ባለው ክፍተት ቁም፣ እጅህን ወደ ራስህ ሰብስብ፣ ኳሷን ከፒቸሯ እጅ እስከ ጓንቱ ድረስ በዓይንህ ብቻ ተከተላት። ሃምሳ ኳስ። አንዷ መጥታ ደረትህን ትመታ ይሆናል፤ ትመታህ። ያኔ ሰውነትህ «መትታኝ ምንም አልሆንኩም» ብሎ ይማራል፤ ይህን ትምህርት እኔ በደብዳቤ ልሰጥህ አልችልም።

በዚያ ልምምድ ላይ ፊት ለፊትህ ቁጢጥ የምትለው ልጅህ ትሆናለች። እሁድ ዕለት ለጠየቀችህ ጥያቄ መልስ አጣሁ ብለሃል። መልሱን ልንገርህ አልሞክርም፤ ዕቃው ቤት የገባ ዕለት ግን እሷን ጥራት። ሳሎን ውስጥ ተቀመጥና «እንዴት ነው የሚታሰረው?» ብለህ እግርህን ዘርጋላት። የቅልጥሙ መከላከያ ማያያዣዎች ወደ ውጭ ነው የሚዞሩት፣ ወደ ውስጥ ከሆኑ ስትራመድ እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ። እሷ ታውቀዋለች።

እህትህ